የማይዘጋው ቧንቧ

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሚከፍለኝ ውሃ እንድዘጋ ነው። ቧንቧ ፈነዳ፣ ሮቶ አፈሰሰ ይሉኛል፤ እሄዳለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እመለሳለሁ። ዘንድሮ፣ ጉልበቴ አልታጠፍም ባለበት ዓመት፣ ፋራህ ጠርቶ ውሃ ሌት ተቀን እንዲፈስለት አዘዘኝ።

ፋራህ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ከጅቡቲ ያስመጣቸውን የባሕር ዓሣዎች ሳሎኑ ውስጥ በትልቅ የመስታወት ገንዳ ያኖራል። ገንዳው ከላይ በኩል ይበሳል፤ የሞላው የጨው ውሃ በቧንቧ ወደ ታችኛው ሳጥን ይወርዳል፤ እዚያ ተጣርቶ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ድምፁን ለመቀነስ መውረጃው ላይ ቫልቭ ይገባል። ከጎኑ ደግሞ ቫልቭ የሌለው ሁለተኛ መውረጃ ሊኖር ይገባል፣ የመጀመሪያው ቢዘጋ እንዲያድን። እሱን አልሠራሁም። አንዷን ቀዳዳ ለመብሳት ግማሽ ቀን ተንበርክኬ ወገቤ እሳት ሆኖ ነበር። ማን ሊዘጋው ነው ብዬ መሣሪያዬን ሰበሰብኩ።

በሳምንቱ ፋራህ ደወለ። ጠዋት ሲነጋ ገንዳው ሞልቶ ምንጣፉ ርሷል፣ ሁለት ዓሣ መሬት ላይ ሞቷል፣ ቫልቩ ተዘግቷል። «የኔ ሥራ አያፈስም፤ ሰው ነክቶታል» አልኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ያው ደገመ።

ስደርስ ናዲፋ ሳሎኑ መሐል ቆማለች። ከአልጋ የማይነሱትን የፋራህን እናት፣ ሁሉም ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላቸውን ማርያንን፣ ዘጠኝ ዓመት ያገላበጠች፣ ያጠበች፣ ያበላች እሷ ናት። ቤቱ ውስጥ ከሦስቱ በቀር ማንም የለም።

«ቁርኣን ይዛ ማለች» አለኝ ፋራህ። «ዋላሂ አልነካሁም ትላለች። አቦ ኒቆዲሞስ፣ ቫልቭ በራሱ ይዘጋል?»

«አይዘጋም።»

«ሰው ነው?»

«ሰው ነው» አልኩ። ስሜን ለማዳን ነው የቸኮልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ፊቷን ያየሁት።

«ሀያ፣ በይ ልብስሽን ሰብስቢ» አላት። እናቱን የእህቱ ልጅ መጥታ ትይዛለች ብሎ ዙሁር ሊሰግድ ወጣ።

እኔ ወለሉን አደረቅኩ፣ ሳጥኑን ሞላሁ፣ ፓምፑን አስነሳሁና ሥራውን ልጠብቅ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የድሬ ቀትር መቼ ይምራል፤ እንቅልፍ ጣለኝ።

በእንቅልፌ ውስጥ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ሰምቶ አይተኛም፤ ወይ ጀሪካኑ ሞልቷል፣ ወይ አንዱ ቧንቧ ክፍት ትቷል። ዓይኔን ሳልገልጥ ተነሳሁ። እጄ መንገዱን አላጣውም። አዞርኩት፣ ድምፁ ቆመ፣ ተመስገን ብዬ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ደስ የሚል ዕረፍት ነበር።

የነቃሁት እግሬ ሲርስ ነው። ውሃው በገንዳው ጠርዝ ላይ እየወረደ ነበር። ናዲፋ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሽ ኒቆዲሞስ፣ እርስዎ ነዎት የዘጉት» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ተነስቼ ከፈትኩት። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ፋራህ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። በእንቅልፍ ልቤ እንደዘጋሁትም፣ ሁለተኛውን መውረጃ ደክሞኝ እንደተውኩትም። ይቆጣል ስል ቫልቩን አየት አድርጎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ከመንጋቱ በፊት ሱብሂ ለመስገድ ስነሳ...» አለ። «ለውዱእ ልታጠብ ስሄድ ውሃ ሲፈስ እሰማለሁ። የባኞ ቤቱ ይመስለኛል።» ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው። «እኔ እንጃ። ዘግቼው ይሆናል።»

 ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ «ናዲፋ፣ ሻንጣውን መልሺ» አላት።

«አዴር ፋራህ፣ እኔን አስምለውኛል» አለች። «እናንተን ማንም አላስማላችሁም።»

ኤዶ ማርያንን ገብታ ሳመቻቸው። የምትሄድ መሆኗን አልነገረቻቸውም መሰለኝ፣ ሲመርቋት ይሰማ ነበርና። ከዚያ ወደ መልካ ጀብዱ፣ ወደ እናቷ ሄደች። ኩሽና ለባልዲ ስገባ ጀሪካኖቹን ሁሉ ሞልታ ክዳናቸውን ገጥማለች። ፈረቃው የዚያን ቀን ነበር።

ፓምፑን አጥፍተን፣ ውሃውን አጎደልንና ሁለተኛውን ቀዳዳ በሳሁ። ፋራህ ከጎኔ ተንበርክኮ መብሻው እንዳይግል ውሃ ያንጠባጥብልኛል። ወገቤን እንደ መጀመሪያው አመመኝ። ቧንቧውን ያለ ቫልቭ ገጠምኩና ፓምፑን አስነሳን። ውሃው መውረድ ጀመረ።

ከጓዳ የኤዶ ማርያን ድምፅ መጣ።

«ናዲፋ፣ ውሃ እየፈሰሰ ነው። ተነሺና ዝጊው።»

ፋራህ ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ ቀረ።