ታመነ ያለውና ያላለው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰበታ ውስጥ፣ ታመነና እኔ በተከራየናት ክፍል ሦስት ሰዎች ነበርን፦ ታመነ፣ ሊያገባት የሚፈልጋት ጣቢታና እኔ። ታመነና ጣቢታ ዐይነ ስውራን ናቸው፤ የተዋወቁት እዚሁ ሰበታ በተማሪነታቸው ነው። በማግሥቱ እሑድ ሽማግሌዎች ቡራዩ ወደ እናቷ ቤት ሄደው ሊጠይቁለት ሁሉ ነገር አልቆ ነበር።

"አካም ጂርታ ኢብሳ? ዛሬም አፍህን አሞሃል?" አለችኝ ስትገባ፣ በኦሮምኛ ደኅንነቴን ጠይቃ። ሁልጊዜ በዝምታዬ ትቀልድብኛለች። ታመነ ግን አልሳቀም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። ታመነ ስልክ ተቀባይ ሆኖ የሚሠራበት የፕላስቲክ ፋብሪካ ባለፈው ሳምንት እሳት ተነሥቶበት ነበር። የጣቢታ ወንድም አዶናይም እዚያው ማሽን ላይ ይሠራል፤ እጆቹ ተቃጥለው ሆስፒታል ተኝቷል። ፋብሪካው ግን በፌስቡክ ገጹ ቪዲዮ ለቀቀ፤ ያንኑ ቴሌቪዥንም አሳየው። የታጠበ አዳራሽና ነጭ ቆብ ያደረጉ ሠራተኞች ይታያሉ። ከጀርባ የታመነ ድምፅ ይናገራል።

"በቦታው ነበርኩ። ማንም ሰው አልተጎዳም። እሳቱን ያስነሣው አዶናይ ነው፤ ሲጋራ ያጨስ ነበር።"

"ከሥሩ ምን የሚል ተጽፏል?" አለችኝ።

"የዐይን ምስክር ይላል" አልኳት ቀስ ብዬ።

"የዐይን ምስክር! እንኳን ደስ ያለህ ታሜ፣ ዐይንህ በራልህ።"

"እኔ አይደለሁም ጣቢ። እግዚአብሔርን፣ እንዲህ ብዬ አልተናገርኩም።"

"እናቴ ትናንት የአዶናይን ጃኬት አሸተተችው። ጭስ ጭስ ይላል።"

"ከእሳት ውስጥ የወጣ ጃኬት ምን ሊል ነበር?"

"እሷም ይህን ታውቃለች። ግን አሸተተችው። ሲጋራ በአፉ ገብቶ የማያውቅ ልጅ!"

ታመነ ፊቱን በእጁ ጠረገ። "ግማሹን ብያለሁ" አለ። "ያን ቀን ቤተሰብ ሁሉ ሲደውል አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ፣ ለሚደውለው ሁሉ ማንም አልተጎዳም በል አለኝ። እሱን አልኩ። የአዶናይን ነገር ግን አላልኩም።"

"እኔም ደውዬ ነበር። ለእኔም እንደዚያው አልከኝ።"

"አላየሁም እኮ!"

"እኔስ አየሁ? አንተን ነው ያመንኩት።"

እኔ በምሠራበት ጫማ ፋብሪካ ወንዲ የሚባል ልጅ አለ። በስልኩ ባለ ድምፅ አስመሳይ መተግበሪያ የአለቃችንን ድምፅ ወስዶ፣ ሰውየው ያላለውን "ዛሬ ዕረፍት ነው" አስብሎ አስቆን ነበር። ይህን እንደምንም ነገርኳት።

"እሺ" አለች። "ታሜ፣ ቃሉን አንተ በለው። ላወዳድር። ኢብሳ፣ አንተም ዐይንህን ጨፍንና እንደኛ ስማ።"

ጨፈንኩ። ታመነ እየተንተባተበ አለው። ምንም አይመሳሰልም፤ ደስ አለኝ።

"እንደዚህ አይደለም። ስልክ ላይ እንደምታወራው በለው።"

"ተይ ጣቢ።"

"በለው።"

ጉሮሮውን ጠረገና አለው። "በቦታው ነበርኩ። ማንም ሰው አልተጎዳም። እሳቱን ያስነሣው አዶናይ ነው።" ጣቢታ ወዲያው ቪዲዮውን ከፈተችው። ከዚያ በኋላ የቱ ከስልኩ፣ የቱ ከታመነ እንደ ወጣ መለየት አቃተኝ። ዐይኔን ስገልጥ ታመነ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

"አሁንማ አልከው" አለችና ተነሣች።

"አንቺ በል ብለሽኝ ነው!"

"እነሱም በል ብለውህ ይሆናላ።"

ታክሲ እስክትይዝ ድረስ ሸኘኋት። ዋናው መንገድ ዳር ረዳቱ "አየር ጤና! አየር ጤና!" እያለ ይጮሃል። ጣቢታ ክንዴን ያዘችኝ።

"ኢብሳ፣ አንተ ዐይን አለህ። ሲናገር ፊቱ ምን ይመስል ነበር?"

"ጨፍን ብለሽኝ ጨፍኜ ነበር" አልኳት።

ክንዴን ለቀቀችና ገባች። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ ባልጨፍን ኖሮ ምን አይ እንደ ነበር እኔም አላውቅም። ማታ ታመነ ራሱ ቪዲዮውን ደጋግሞ ሲሰማው አደመጥኩ። "ኢብሳ፣ ብዬው ይሆን እንዴ?" አለኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ቡራዩ አልሄዱም። ሰኞ ጠዋት ታመነ እንደ ወትሮው ሥራ ገብቶ ስልክ ማንሣት ጀመረ።