ከውኃው የራቀው መረማመጃ

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ዓለም ባንክ ሰፈር የምንኖር የዝዋይ ተወላጆች፣ የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ የሚያስጠጉበት መረማመጃ ለማሠራት ገንዘብ አዋጣን። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ፈጠነ በስብሰባ ላይ፣ በመስከረም በተነሣ ፎቶ ቦታውን አሳዩንና ወደ እኔ ዞሩ።

«ለሊሳ፣ አንተ እዚያው ስታጠምድ ያደግህ ነህ። እዚህ ጋ ይሁን?»

በበጋ ውኃው ከዚያ ቦታ እንደሚሸሽ አውቅ ነበር። ግን ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። «ጥሩ ነው» ብዬ አቀረቀርኩ።

በየካቲት፣ እዚያው ዝዋይ ዓሣ የሚያጠምደው የአጎቴ ልጅ ሞቲ ደወለልኝ። «መረማመጃችሁ ጭቃ ላይ ቆሟል። ፍየሎች ተኝተውበታል፤ እኛ ጀልባ እንጎትታለን» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

በቀጣዩ ስብሰባ ጋሽ ፈጠነ ተነሡ። «ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሌላ ሊቀ መንበር ምረጡ» አሉ።

እጄን አወጣሁ። «ጋሼ፣ እኔ አውቅ ነበር። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

«ዓሣው ራሱ ካንተ የተሻለ ይናገራል!» አለች ከኋላ የተቀመጠችው ዋጋነሽ፤ ሰው ሳቀ።

ጋሽ ፈጠነ አልሳቁም። ፎቶውን ሰጡኝና «የት መሆን ነበረበት?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው።

«ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ…» አሉና ሳይጨርሱት ተቀመጡ።