አመዱ ላይ የፈሰሰው ውሃ

ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ የተመለሰ ሰው አልነበረም። ወደ ወንዙ የሚያወርደውን መንገድ ታጣቂዎች ይዘውታል፤ ወደ ድባጤ የሚወስደው የመኪና መንገድም ከተዘጋ ሰንብቷል። መንደሩ በሙሉ በጥቂት ክፍሎች ተፋፍጎ፣ ከክረምቱ ዝናብ የተጠራቀመውን የሮቶ ውሃ በጣሳ እየተካፈለ ይኖራል።

የውድነሽ ወንድም ሙላው ሆዱን በጥይት ተመቶ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተኝቷል። ሐኪም ካላየው እንደማያድር ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ አብሯቸው የተከበበው ወታደር ጂራታ በሬዲዮ ተነጋግሮ፣ ከአሶሳ ሄሊኮፕተር ስለሚመጣ የኳስ ሜዳው ይጽዳ ሲል፣ ማንም ሁለተኛ ትእዛዝ አልጠበቀም። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። በዚያ አገር ደግሞ መሬት የሚጸዳው በእሳት ነው፤ ወላጆቻቸው በሰፈራ ከመጡ ጀምሮ በየበጋው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለኮሱት። ረፋዱ ላይ ሜዳው ተላጭቶ ጠቆረ፣ ሰዉም እፎይ አለ።

ሄሊኮፕተሩ ዝቅ ሲል ግን አመዱ ተነሣ። ጥቁር ደመና ግቢውን ዋጠው፤ ውድነሽ የገዛ እጇን ማየት አቃታት። ከላይ ድምፁ ብቻ ቆሞ ያጓራል፤ አይወርድም፣ አይሄድም። ያኔ ከኮረብታው ተኩስ ተከፈተ። ድምፁ ራቀ።

ሬዲዮው ሲንሿሿ ሁሉም ጂራታን ከበበው። አብራሪው ሻምበል በቃሉ ይባላል። ሲናገር የተጣደፈ ሰው አይመስልም።

«መሬቱ አልታየኝም። አመዱ እንዳይነሣ አድርጉልኝና እመለሳለሁ። ነዳጄ ግን ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው የሚበቃኝ።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሮቶው ዞሩ። ውሃው ፈስሶ ሄሊኮፕተሩ ባይመለስስ? አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ሄዳ ቧንቧው ፊት ተቀመጠች። ውድነሽ ልትለምናት ፈለገች፤ ግን ሴትዮዋ እውነቷን ነው።

መጀመሪያ የተናገረው የአሶሳው ነጋዴ ሙርሳል ነው፤ ጨው ሸጦ ሲመለስ መንገድ ተዘግቶበት አብሯቸው የቀረ። አማርኛን ያስተማረው ገበያ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል።

«ውድነሽ፣ አንተ እህቴ ነህ» አለ። «ወላሂ እኔ ነገ ሽንቴን እጠጣለሁ። ዛሬ ሙላው ይሂድ።»

«የሙርሳልን ሽንት እንኳ ራሱ ይጠጣው» አለች እናትየዋ፤ ልጇን ይዛም ተነሣች። በዚያ ጭንቅ መሐል ሰው ሳቀ።

በባልዲ፣ በጀሪካን፣ በድስት እየተቀባበሉ አፈሰሱት። የሜዳው መሐል እንደ ሰፊ አውድማ ጭቃ ሆነ። ሙርሳል የሄሊኮፕተሩ ነፋስ እንዳያስነሣቸው ባዶ ጀሪካኖቹን ሰብስቦ ክፍል ውስጥ ቆለፈባቸው። ሮቶው ጠብታ አልቀረውም። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሰማይ ሰማዩን ያይ ጀመር።

ተመለሰ። ተኩሱ እየተከተለው መጥቶ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ሙላውን በተነቀለ በር ተሸክመው፣ ሌሎቹንም ቁስለኞች ደግፈው ሲያስገቡ፣ ውድነሽ አብራሪውን በመስኮቱ አየችው። ፊቱ የገረጣ ቀጭን ሰው ነው። ቀኝ ጭኑ እርጥብ ነበር። እሷም ሌሎቹም ጭቃና ውሃ ስለነበሩ፣ ውሃ መሰላት።

ሻምበሉ ጭቃውን አየ፣ ቀጥሎ የተከፈተውን ሮቶ አየ። ወደ ኋላ ዞሮ አብሮት ለሚበረው ቴክኒሻን አንድ ነገር ተናገረ። ቴክኒሻኑ የራሳቸውን የውሃ ጀሪካን አምጥቶ እጇ ላይ ጣለላትና ቁስለኞቹን ቆጥሮ በሩን ዘጋ። ሻምበሉ ሄሊኮፕተሩን ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ያንን ውሃ በጣሳ ክዳን እየለኩ ጠጡት። ቅድሚያ ለሕፃናት ነበር።

ውድነሽ አሶሳ ሆስፒታል ስትደርስ ሙላውን ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘችው። ስለ ሻምበሉ ጠየቀችው። ጭኑን የተመታው በመጀመሪያው ጊዜ፣ አመዱ ውስጥ አየር ላይ ቆሞ መሬት ሲፈልግ ነው አላት። አሶሳ አሳርፏቸው፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ ቀረ።

«መንገድ ላይ ውሃ ጠይቆ ነበር» አለ ሙላው። «ቴክኒሻኑ ጀሪካኑ የነበረበትን ባዶ ቦታ አሳየው።»