የጉቱ ምርቃት

ሂካ ባለፈው እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ለልጆች የያዕቆብንና የዔሳውን ታሪክ ሲያስተምር፣ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ጥፋቱ የማን ነው?» አለችው። «የወላጆቹ» አላት ሳያስብ፤ «ልጅ አበላለጡ።» ከዚያ ደንገጥ ብሎ ቅናትም ኃጢአት ነው ብሎ ጨመረበት።

እሱን ቅናት ማንም አላስተማረውም። አባቱ አቶ መገርሳ፣ ዛሬ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ሲያርሱ፣ ታናሹ ጉቱ ይማር ተብሎ ሂካ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ እርፍ ጨበጠ። መሬቱ ሲሄድ ለሂካ የቀሩት አባቱ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት፣ አልጋ ከያዙ ሰባት ወር ሆናቸው፤ የሚያጥባቸው እሱ፣ የሚያገላብጣቸው እሱ። ጉቱ ኦሎምፒያ ቢሮ አለው፤ በወር አንዴ ብርቱካን ይዞ ብቅ ሲል የሽማግሌው ፊት ይበራል። የሂካ ገንፎ ግን ሁልጊዜ ጨው ይጎድለዋል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመገርሳ ትንፋሽ መቆራረጥ ጀመረ። «ጉቱን ጥሩልኝ። ሳልመርቀው አልሄድም» አሉ። እናትየው ወይዘሮ እልፍነሽ ሦስት ጊዜ ደወሉ። «ከስብሰባ እየወጣሁ ነው» አላቸው፣ ሦስቱንም ጊዜ።

ዝናብ ነበር። የቧንቧ ውሃ ከሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ወለል አልፋ ስለማትወጣ፣ ሂካ በሩ ጀርባ የተሰቀለውን የጉቱን አሮጌ የቆዳ ጃኬት ደርቦ ጀሪካን ይዞ ወረደ። አራተኛ ፎቅ ተመልሶ ሲወጣ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ አባቱን ቀና ሊያደርግ ጎንበስ አለ። እጃቸው ቆዳውን ዳበሰ። ፊታቸው ያ በወር አንዴ የሚመጣው ፊት ሆነ።

«ጉቱ፣ ልጄ። መጣህ?»

«ሂካ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አባቱ አንድ ቀን መርቀውት አያውቁም፤ ያንን ሲጠብቅ ነው ያረጀው። ያዕቆብ ትዝ አለው። ያዕቆብስ ታናሽ ነበር፤ እዚህ የሚሰርቀው ታላቁ ነው። በስም ቢሳሳቱም እጃቸው የሚያርፈው በእኔ ራስ ላይ ነው፣ እግዚአብሔር ማን እንደተንበረከከ ያያል ብሎ ራሱን አሳመነ። እናቱን አያቸው። እልፍነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሰብስበው ፊታቸውን አዞሩ። ሂካ ተንበረከከ።

መገርሳ መዳፋቸው ላይ እንትፍ ብለው ራሱን አሹት።

«ክፉ አይንካህ።»

«አሜን» አለ ሂካ ድምፁን ደብቆ። አሜን ያልተባለለት ምርቃት መሬት ይወድቃል።

«ውለድ፣ ክበድ።»

«አሜን።» ሚስት እንኳ ሳያገባ የቀረው ሰውዬ እንባው መጣ። አላፈረም፤ ደስ አለው።

«ከወንድምህ ከሂካም ይሰውርህ» አሉ አባቱ። «ቢያስታምመኝም ዓይኑን አላምነውም። ቤቱ ከቤትህ አይብለጥ። ያሰበብህ አይሙላለት።»

እጃቸው ራሱ ላይ እንዳለ ጠበቁ።

«አሜን በል እንጂ፣ ጉቱ።»

«አሜን» አለ ሂካ።