ምራት የማትጠራው ስም

"ቆይ! ጀልባው እንዳይሄድ!"

ሮዳ እየሮጠች ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች። የቋንቋ ተመራማሪዋ ዳማሪስ ቦርሳዋን አዝላ አንድ እግሯን ጀልባው ውስጥ አስገብታለች።

"ምን ረሳሁ፣ እትዬ?"

"እስቲ ያልሽውን ድገሚልኝ። የእኛ ቋንቋ ከታችኞቹ መንደሮች ቋንቋ ጋር አንድ ነው?"

"ከጠየቅኋችሁ ሁለት መቶ ቃል አብዛኛው አንድ ነው። የባሕረ ሰላጤው ቋንቋዎች ሲመደቡ ከእነሱ ጋር ይቆጠራል።"

የመንደሩን ሕፃናት ዘጠኝ ዓመት ፊደል ያስቆጠረች ሮዳ ናት። ለብቻው ለማይቆጠር ቋንቋ መጽሐፍ አይታተምም፤ ልጆቹ በታችኞቹ አፍ ሊማሩ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነም አሁን ገብቷታል።

"እሳት፣ ዝናብ፣ ድንጋይ ብለሽ ስትጠይቂኝ የነገርኩሽ የእኛን ቃል አይደለም" አለች አንገቷን ደፍታ። "በእኛ ቃል ግማሹ የባሌ ዘመዶች ስም ነው። ምራት ደግሞ የባሏን ዘመዶች ስም አትጠራም፤ የታችኞቹን ቃል ትዋሳለች። ከመልመዳችን የተነሣ መዋሳችንንም ረሳን። የጠየቅሻቸው ስድስቱም ሴቶች እንደኔው ባለትዳሮች ናቸው።"

ዳማሪስ የደጋ ልጅ ናት፤ ይህን ከየት ታውቀዋለች? "ወንዶቹስ?"

"ባሕር ላይ ናቸው። ሦስት ቀን ይቆያሉ።"

"እኔ የቃላቱን ዝርዝር ነገ ነው የማስረክበው።"

ባለጀልባው ሞተሩን አስነሣ። "ሴቶች፣ ማዕበሉ ወሬያችሁን አይጠብቅም!"

"አንተ ዝም በል! አግብተህ እየው!" አለችው ሮዳ።

አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ፣ የባሏ እናት በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታቸው ሥር ተቀምጠው ቅርጫት ይሠራሉ። በመንደሩ ቋንቋ "እሳት" የሚለው ቃል የእሳቸው ስም ነው። ስም የጠራች ምራት በየስሙ አንድ አሳማ ካሣ ትከፍላለች፤ እፍረቱን ግን አሳማ አይከፍለውም። እንደ እናት ያኖሯት ሴት ናቸው።

ሮዳ ወደ ጓሮ ሄዳ ያላትን አንድ አሳማ እየጎተተች መጣች። ከአማቷ ደረጃ ሥር አሰረችው።

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አሉ አሮጊቷ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።"

ዳማሪስ የድምፅ መቅረጫዋን ከፈተች። ሮዳ ቃሉን በራሳቸው ቋንቋ፣ ጥርት አድርጋ ተናገረች። የአሮጊቷ እጅ ቅርጫቱ ላይ ቀረ። ተነሡና ጀርባቸውን ሰጧት፤ ሮዳም እንባዋን መቆጣጠር አቃታት።

"ይበቃሻል፣ እትዬ" አለች ዳማሪስ በሹክሹክታ።

ቀጥሎ ያለው ቃል "ዝናብ" ነበር፤ የባሏ አባት ስም። ሌላ አሳማ የላትም።

"ቀጥይ" አለች ሮዳ።