ትፍ በይባት

ወለተ ማርያም እግሬ ላይ ወድቃ «ልጄን ልቀቂያት» ስትለኝ እጄ እስከ ክርኑ ጭቃ ነበር። እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ እሷ ገበሬ ጎረቤቴ፣ አበልጄም ናት፤ ልጄን መቅደላዊትን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። ሰባት ዓመት የሞላት ልጇ ትህትና ከትናንት ጀምሮ በትኩሳት ትነዳለች፣ ትቃዣለች። ስትቃዥ የምትጠራው ደግሞ የእኔን ስም ነው። «ሸጋዬ፣ ሸጋዬ» ትላለች። ምን ታድርግ፣ ከእኔው ጋር ጭቃ ስታድቦለቡል አይደል የምትውለው! በእኛ አገር ግን ታማሚ ሲቃዥ የጠራው ስም የበላው ቡዳ ስም ነው። አለቀ፤ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ቤታቸው ስደርስ ቃሬዛው በር ላይ ተዘርግቷል፤ አራት ሸካሚ ቆሟል። ቃሬዛው ላይ የተኛችውን ልጅ ጎንበስ ብዬ አየኋት። አንገቷ እንደ እንጨት ደርቋል። የወንድሜ ልጅ በማጅራት ገትር ሲሞት አስታምሜዋለሁ፤ ልክ እንደዚህ ነበር።

«መካነ ሰላም ሐኪም ቤት አድርሷት እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» ብዬ ጮህኩ።

«ቡዳ የበላውን ሰው መርፌ ከወጉት እዚያው ነው የሚቀረው» አለ የወለተ ማርያም ወንድም ጋሹ። «መጀመሪያ ትፍ በይባት። ልቀቂያትና እንወስዳታለን።»

እስከ ትናንት «እትዬ ሸጋዬ» የሚለኝ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ ስልኩን በቪዲዮ ሞልቶት መጣ፤ አይሁድ ዓለምን በስውር ይገዛል፣ በሽታውንም ጦርነቱንም የሚፈበርከው እሱ ነው የሚል። አያቶቼ ከጎንደር በኩል የመጡ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ከተጠመቅን አራት ትውልድ ሆነን። የጌታን ሚስማር የቀጠቀጠው፣ ሌሊት ጅብ የሚሆነው የእናንተ ዘር ነው ሲሉን የኖሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ጋሹ በዚያ ላይ ዓለም መግዛትን ጨመረልን። ዓለምን የምገዛው እኔ አንድ ጥማድ መሬት እንኳ የለኝም!

«ጋሹ፣ በመድኃኔዓለም! አልበላኋትም። ልጅቱ እየሞተች ነው።»

«እንግዲያው ገዳይዋ አንቺ ነሽ።»

ሸካሚዎቹ እጃቸውን አጣምረው መሬት መሬት ያያሉ። ወለተ ማርያም ቀሚሴን ይዛ «ሸጋዬ፣ በአበልጅነታችን! ለማንም አልናገርም፤ ብቻ ትፍ በይልኝ» አለች። አንጀቴን የቆረጠው ይህ ነው። ከልቧ አምናለች። ካልተፋሁ ትህትና እዚያው ቃሬዛው ላይ ትሞታለች። ከተፋሁ በላሁ ማለት ነው፤ እኔ ብቻ ሳልሆን መቅደላዊትም፣ የመቅደላዊት ልጆችም። ቡዳ በዘር ነው ይላሉና።

ልጅቱ ትንፈራገጥ ጀመር። አፌ ደርቆ ምራቅ አጣሁ፤ ውኃ ለምኜ ነው የተፋሁት። ሦስት ጊዜ፣ ግንባሯ ላይ።

«በሉ አንሱ! ሩጡ!» አልኩ እያለቀስኩ። አንሥተው ሮጡ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትህትና በእግሯ ተመለሰች። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር ብለዋል ሐኪሞቹ። ግን ሐኪሞቹን ማን አመሰገነ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሹ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ «ሸጋዬ ስትተፋባት ልጅቱ ወዲያው ዓይኗን ገለጠች!» ሲል ሕዝቡ አማተበ። ወለተ ማርያም አጠገቡ ቆማ ዝም አለች፤ ለማንም አልናገርም ያለችውን ጠበቀች። ማክሰኞ የማላውቃት ሴት የታመመ ሕፃን ታቅፋ «ልቀቂልኝ» ብላ ደጄ ላይ ተንበረከከች። ሐኪም ቤት ውሰጂው ብላት አልሰማ አለች። ተፋሁበትና ወደ ሐኪም ቤት አባረርኳት።

ዛሬ መቅደላዊት ከትምህርት ቤት በጊዜ መጣች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቷል።

«እማዬ፣ ካልበላሻት ለምን ተፋሽባት?»

«ወደ ሐኪም እንዲወስዷት ነዋ።»

«የሴትዮዋ ልጅ ላይስ?»

«ያው ነው ልጄ። አብሽሪ፣ ያልፋል።»

አላመነችኝም፤ ዓይኗ ላይ አየሁት። ምሳዋን አቀረብኩላት። ሳህኑን ተቀብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ነጠላዋን ጋርዳ፣ አንገቷን ደፍታ በላች። ከቡዳ ዓይን ምግብ የሚሸሸገው እንደዚያ ነው። ጉርሻዋን ከወለድኳት ከእኔ ደበቀችው።