አንድ ቦይ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት መስመሮች

ሰው እንዴት ሁለቱንም መስመር አንድ ቦይ ውስጥ ይቀብራል? አንደኛው የስልክ ፋይበር ሲቆረጥ አገልግሎቱ ወደ መጠባበቂያው ይዞራል፤ ደንበኛው ምንም ሳያውቅ እኛ ተረጋግተን እንጠግናለን። ወጉ ይህ ነበር። መስመሩን የዘረጉት ጉደኞች ግን ሁለተኛ ቦይ መቆፈር ታክቷቸው ሁለቱንም ጎን ለጎን አስተኝተዋቸዋል። መንገድ የሚቆፍረው ኤክስካቫተር አንዴ ሲዝቅ ሁለቱንም በጥሶ ይዟቸው ወጣ። የሰፈሩ የሞባይል ማማ ሳይቀር ተቋርጦ ስልክ ሁሉ ጸጥ አለ።

ልጠግን ስደርስ ንዴቴን የተወጣሁት በኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር ላይ ነው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ አየሁትና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጉድ ሠርተኸን ስታበቃ ደግሞ ስልክ ታያለህ?» አልኩት።

«ባለቤቴ ምጥ ላይ ናት» አለኝ። «ከሆስፒታል እንደውልልሃለን ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይገትርሃል?»

«አለቃዬ ማሽኑን ጥለህ ከሄድክ እንዳትመለስ ብሎኛል፣ እህቴ።»

አንጀቴን በላው። እኛ ዘንድ የትልልቅ ድርጅቶች መስመር ይቅደም ነው ደንቡ። ደንቡ ይቆየኝ ብዬ የሰፈሩን የሞባይል ማማ የሚያገናኙትን ሁለት የፋይበር ክሮች ከጭቃው ለየኋቸው። ፀጉር ነው የሚያክሉት። ጠርጌ፣ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሜ በመበየጃ ማሽኔ በየድኳቸው።

መጀመሪያ የጮኸው የኔው ስልክ ነው። አለቃዬ ከመቆጣጠሪያ ክፍል፣ «የባንኩ መስመር እያለ ምን ነክቶሽ ነው ከሰፈር የጀመርሽው?» ይለኛል። መልስ ሳልሰጠው የኦፕሬተሩም ስልክ ጮኸ። ከእጁ ተቀብዬ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁለት።

«የት ጠፋህ?» አለች አዋላጇ። «በሰላም ወልዳለች፤ ግን ብዙ ደም ፈሷታል። ለሷ የሚሆን ደም አልቆብናል፤ ያንተን በክትትሉ ጊዜ መርምረነዋል፤ ይሆናታል። ፈጥነህ ና።»

ሰውዬው ዞሮ ማሽኑን አየ።

«ሂድ» አልኩት። «ማሽንህን እኔ እጠብቃለሁ።» በኛው መኪና ከሾፌራችን ጋር ሰደድኩት።

የቀሩትን ክሮች መቀጠል ያዝኩ። እጄ ሥራው ላይ ነው፤ ልቤ ግን አይቻት የማላውቃት ሴት ዘንድ ሄዷል። የባንኩን ጨርሼ ወደ መጨረሻዎቹ ስደርስ ከሾፌራችን ስልክ ተደወለልኝ።

«እህቴ፣ ሰጠኋት» አለኝ ኦፕሬተሩ። «ዓይኗን ገልጣለች። ልጁን አቅፋለች።»

ክሩን እንደያዝኩ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሄሎ? አይሰማም እንዴ? መስመሩ ተቆረጠ?»

«አልተቆረጠም» አልኩት። «እየሰማሁህ ነው።»

እንባዬ ክሩ ላይ ጠብ ብሎ ሥራዬን አበላሸብኝ። ጠርጌ እንደገና ቀጠልኩት።